ሕግ ዝም በሚልበት ቦታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች! ሰው በአደባባይ የሚያደርገው ነገር ቅር ሲያሰኘን ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው ቃል «ይህን የሚከለክል ሕግ የለምን?» የሚል ነው። አድራጊውም ሲወቀስ «ማን ሕግ ከልክሎኝ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ሕግን ይጠራሉ፤ ኅሊናውን የጠየቀ ግን የለም።

ሕግ የራሱ ሥራ አለው። በአንዱ ድርጊት ሌላው ሲጎዳ ሕግ መካከል መግባቱ ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥና በሕዝብ ማመላለሻ ትምባሆ ማጨስን ከልክሏል፤ ጢሱ የማያጨሰውንም ሰው ሳንባ ይጎዳልና። ይሁን እንጂ ቅር ያሰኘን ሁሉ ጎዳን ማለት አይደለም። ቅር ማሰኘት ብቻውን ወንጀል ይሁን ካልን፥ ነገ የእኛ ዝማሬ ቅር ያሰኘው ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራብን ምን እንመልሳለን?

ታዲያ ሕግ ዝም በሚልበት ቦታ በምን እንመራ? ሁለት ታሪክ እንመልከት።

ደቀ መዛሙርት ተርበው በእርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት ቀጠፉ (ማቴ. 12)። በሰው እርሻ በእጅ መቅጠፍን የሙሴ ሕግ ፈቅዷል፤ የከለከለው ማጭድ ማንሣትን ነው (ዘዳ. 23፥25)። ፈሪሳውያን ግን ዕለቱ ሰንበት ነው ብለው ተቆጡ። ጌታችን ለተራቡት ፈረደላቸው፤ ዳዊትም በተራበ ጊዜ የመሥዋዕቱን ኅብስት መብላቱን አስታወሰ።

በቆሮንቶስ ደግሞ ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ክርክር ተነሣ (1ኛ ቆሮ. 8)። ቅዱስ ጳውሎስ ጣዖት ከንቱ መሆኑን ያውቅ ነበር። ነገር ግን ደካማው ወንድሙ አይቶ የሚሰናከል ከሆነ ሥጋ መብላትን ፈጽሞ እንደሚተው ጻፈ።

በመጀመሪያው ተመልካቹ ተገሠጸ፤ በሁለተኛው አድራጊው ተወ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ደቀ መዛሙርቱን ያስገደዳቸው ረኃብ ነው። ጳውሎስ ግን የተወው ቢቀርበት የማይጎዳውን ነገር ነው።

ይህን ወደ ሠፈራችን እናምጣው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ላስቲክ ወጥሮ የሚያድር ሰው በመንገድ ዳር ሲታጠብ ብናይ ፊታችንን እናዞራለን። የጎደለው ቤት እንጂ ጨዋነት አይደለም። ስለዚህ እርሱን ከማስነሣታችን በፊት እኛ ምን አደረግንለት? በታክሲ ውስጥ ሙዚቃውን በስልኩ የሚያስጮኸው ወጣት ግን ምን ቸግሮት ነው? አጠገቡ ከሐኪም ቤት የምትመለስ እናት ተቀምጣ ይሆናል። ድምፁን ቢቀንስ አንዳች አይጎድልበትም።

እንግዲህ በሌላው ሥራ ቅር ስንሰኝ አስቀድመን «ይህ ሰው ምን ቸግሮት ነው?» እንበል። በእኛ ሥራ ሌላው ቅር ሲሰኝ ደግሞ «ይህ ቢቀርብኝ ምን እጎዳለሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መናገር ካስፈለገም በሰው ፊት ከማዋረድ ለብቻው በለሰለሰ ቃል እንንገረው። ዳኛ በማይደርስበት ቦታ የሚያስተዳድረን ፍቅር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።