የተቆለፈ መጽሐፍ ለማን ይኖራል?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ቆም ብለን አናስበውም እንጂ፣ «ይወረሳል» የምትለው ቃል ሁለት ፊት አላት። ልጅ የአባቱን ርስት ይወርሳል፤ ጉልበተኛም የሌላውን ቤት ይወርሳል። ታዲያ በጽሑፍ ያለው ነገር የሚወረሰው በየትኛው መንገድ ነው? በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ተለይቶ የተቀመጠ ብርቅ መጽሐፍና አሮጌ መዝገብ የማን ነው? የጠባቂው ወይስ የአንባቢው? ነገሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሥራ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ከዚሁ ከአገራችን እንነሣ። ደጃዝማች ውቤ በሰሜን ደራስጌ ማርያምን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት አስበው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል የነሷቸው ካሣ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። እኚሁ ንጉሥ በኋላ ከጎንደር አድባራትና ከሌላም ስፍራ መጻሕፍት ወስደው መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም አከማቹ። መቅደላ ራሱ ቁልፍ ነበር፤ ገደሉ ከየትኛውም የብረት በር ይበልጣል። ሆኖም የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባውን ሲይዝ ያ ሁሉ ሀብት በጥቂት ቀን ተዘረፈ። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬም ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በአንድ ቦታ ተከማችቶ የተቆለፈ ነገር ቁልፉ የተሰበረ ዕለት አንድ ላይ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1872 አፄ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ ጻፉ። ያቀረቡት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል። በመጽሐፉ ውስጥ የአገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም ስላለ ሕዝቡ ያለ እርሱ አይታዘዘኝም ነው ያሉት። የጠየቁት ለጌጥ አልነበረም፤ ሊሠሩበት ነው። መጽሐፉም ተመለሰ።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። በጎንደርና በዙሪያው አድባራት የወንጌል መጽሐፍ ከጸሎት ሌላ ሥራ ነበረው። በባዶ ቅጠሉና በኅዳጉ ላይ የርስት ሽያጭ፣ የጉልት ስጦታ፣ የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር። የደብሩ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ዝርዝርም እዚያው ይሰፍር ነበር። እንግዲህ ቤተ መዛግብት የሚባለው ነገር ከባሕር ማዶ የመጣልን ብቻ አይደለም። መሬቱን የተቀማ ገበሬ «ወንጌሉ ይታይልኝ» ለማለት የሚችለው መጽሐፉ በክብር ስለተጠበቀ ነው፤ ደግሞም ስለሚገለጥ ነው። ጥበቃና አገልግሎት በአንድ ብራና ላይ አብረው ይኖሩ ነበር።

እዚህ ላይ ግን የጠባቂውንም ወገን መስማት ግድ ነው። ገበዙ እቃ ቤቱን ለማንም መንገደኛ አልከፍትም ቢል ምን ይፈረድበታል? ከመቅደላ ወዲህም ስንት መጽሐፍ በጨለማ ወጥቶ በባዕድ ገበያ ተሸጧል። አጥኚ ነኝ የሚለውም ፎቶ አንሥቶ ይሄድና ተመልሶ ቅጂ እንኳ አያመጣም። የኮሌጁ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። አንድ ገጽ ቢቀደድ ተጠያቂው እሱ ነው፤ መጽሐፉን አሥር ዓመት ማንም ባያነበው ግን ማንም አይጠይቀውም። ታዲያ ቢቆልፍ ምን ይገርማል?

ፍርሃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ፍርሃት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም። በዝርዝር ያልሰፈረ መጽሐፍ ቢሰረቅ ማን ያውቃል? ማንስ ይከሳል? ቁልፍ የሌባን እጅ ለጊዜው ያዘገያል፤ መዝገብ ግን ከሌባው በኋላም ይመሰክራል። ስለዚህ የጠባቂው የመጀመሪያ ግዴታ ያለውን ነገር ማስታወቅ ነው እላለሁ፤ ሁለተኛው ደግሞ ቅጂ ማስቀረት። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ብራናው በደብሩ ይቆያል፤ ቃሉ ግን ለአንባቢ ይደርሳል።

የአንባቢውስ ግዴታ? እኛ ተማሪዎች «ዕውቀት የሁሉም ነው» ማለት ይቀናናል። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያስከትለውን ግዴታ አንጨምርበትም። ብርቅ መጽሐፍ ወደ ዶርም አይወሰድም። እጅ ታጥቦና ደርቆ ይነካል፤ አጠገቡ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ስምና ቀን በመዝገብ ይፈረማል። ይህ ንቀት የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ነገር ያስብ፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ገና ያልተወለደ ተማሪ ለራሱ ተከራክሮ ድርሻውን ሊያስከብር አይችልም።

«የእኛ ኮሌጅ አዲስ ነው፤ ምን ብርቅ ነገር አለንና?» የሚል አይጠፋም። ደባርቅ የሰሜን አውራጃ፣ ዳባት የወገራ አውራጃ ከተማ በነበሩበት ዘመን የተጻፈው የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የአቤቱታ ወረቀት ብርቅ አይደለም እንዴ? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ግጭ የምትባለው መንደር ነዋሪዎች ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ነገ «አያቴ የት ነበር የሚያርሰው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን የሚያገኘው ከተራራው አይደለም፤ ከወረቀት ነው። ያ ወረቀት ስኳር መጠቅለያ ሆኖ ከቀረ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ተፈናቀለ ማለት ነው።

ጊዜ ያለን መስሎን እንዳንዘናጋ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ መጥቶ የስንት ሰው ሕይወት ቀጠፈ። በቀጣዩ ዓመት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ። የሰው ነፍስ ከወረቀት ጋር አይወዳደርም፤ ማወዳደሩም ነውር ነው። ነገር ግን የሞተው ሰው ስምና የተረፈው ሰው መብት የሚቆዩት በጽሑፍ ነው።

ስለዚህ የተቆለፈ መጽሐፍ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። የጠባቂው አይደለም፤ የአንባቢውም አይደለም፤ ሁለቱም ባለአደራ ናቸው። ጠባቂ ዝርዝሩን ያውጣ፣ በሩን በሥርዓት ይክፈት። አንባቢ ሥርዓቱን ያክብር፣ ያገኘውንም ላገሩ ሰው ይመልስ። እኛም ተማሪዎች እንጀምር፤ ኮሌጃችን ያለው አሮጌ ነገር ሁሉ የሰፈረበትን ዝርዝር እንጠይቅ። ዝርዝር ከሌለ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንሰለፍ።