የተጣለ ነገር ባለቤቱ ማን ነው?

በጣና ዳርቻ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ከአገልግሎት ይወጣል፤ በስብሶም ወደተገኘበት አፈርና ውሃ ይመለሳል። ሠሪው በጣለው ነገር ማንም አይጎዳም። ስለዚህ ለጥንቱ ሰው «ጣልሁት» ማለትና «ጉዳዩን ጨረስሁት» ማለት አንድ ነበር።

ዛሬ በባሕር ዳር ገበያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ፌስታል ግን ይህን የቆየ አስተሳሰብ አፍርሶታል። ፌስታል ከእጅ ይወጣል እንጂ ከምድር አይወጣም። በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ወደተመዘገበው ሐይቅ ይገባል፤ ወይም ከሐይቁ በሚወጣው በዓባይ ተወስዶ ከታች ላለው ነዋሪ ያልተበደረው ዕዳ ይሆንበታል። እንግዲህ ጥያቄው የጽዳት ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ነው፤ ይኸውም ሰው በአንድ ዕቃ ላይ ያለው ባለቤትነት ሲያበቃ ኃላፊነቱም አብሮ ያበቃልን? የሚል ነው።

አደገኛ ቆሻሻ ሲታሰብ መልሱ ይበልጥ ይገለጣል። ያገለገለ የሕክምና መርፌ፣ እርሳስና አሲድ ያዘለ የመኪና ባትሪ፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር በአንድ ጆንያ ሲታጨቅ አደጋው አይጠፋም፤ ባለቤቱን ብቻ ይለውጣል። መርፌው የሚወጋው የጣለውን ሰው ሳይሆን የጽዳት ሠራተኛዋን ወይም ቆራሌውን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱም የታየው ይኸው ነው፤ ክምሩ የመላው ከተማ ሥራ ነበር፣ ሞቱ ግን ከሥሩ ይኖሩ ለነበሩት ደረሰ።

እርግጥ ነው፣ ግለሰቡን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ደንግጎ ነበር። ይሁንና እናት በቤቷ የለየችውን ጫኙ መኪና መልሶ ከቀላቀለው ድካሟ ከንቱ ይሆናል። ድንጋጌ ሕይወት የሚያገኘው በሰብሳቢ፣ በማስወገጃ ስፍራና በተቆጣጣሪ ነው።

የአገልግሎት ጉድለት ግን የሕሊናን ጥያቄ አይሽርም። መርፌን በጠንካራ ዕቃ ውስጥ ከድኖ ማስረከብ የማዘጋጃ ቤት በጀት አይጠብቅም፤ የማያውቁትን ሰው እጅ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል። ጣናን በሥዕልና በዜማ ሲያወድስ የኖረው ከያኒ፣ በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው መምህርም ይህን እጅ ለኅብረተሰቡ ሊያሳዩት ይገባል። የአንድ ኅብረተሰብ ሥልጣኔ የሚለካው ባመረተው ብዛት ብቻ አይደለምና፤ የጣለው ነገር በማን እጅ ላይ እንደሚያርፍ በመጠየቁም ጭምር ነው።