ስለ ፍጥነትና ስለ ምስክሩ

ሰው የሚያደንቀውን ነገር በማየት ጠባዩን ማወቅ ይቻላል። ሀብትን የሚያደንቅ ሰው ሀብታም ሲያልፍ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ጕልበትን የሚያደንቅ ሰው ትግል ወዳለበት ይሮጣል፤ ዕውቀትን የሚያደንቅ ደግሞ ሊቅ በሚናገርበት ቦታ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዛሬ ያደነቅነውንም ነገ ለመምሰል መሞከራችን አይቀርም። ስለዚህ ወጣት የሆነ ሰው «ምን ልሥራ» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ማንን ላድንቅ» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብሁት ጥያቄ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። አንድ ሰው በብርቱ ፍጥነት ሲጋልብ፥ ሌላው ከዳር ቆሞ ፎቶግራፍ ሲያነሣው፥ ምስጋናው የማን ነው? ጋላቢው ምስጋና እንደሚገባው ሁሉም ያውቃል። ከዳር የቆመውስ? የሥራው ባለድርሻ ነውን? ወይስ በሰው አደጋ የሚነግድ ተመልካች ብቻ ነው?

እኛ በጨፋ ሮቢት አካባቢ ያለን ሰዎች ፍጥነትን እናውቃለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ትልቁ መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ፥ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ፥ በሜዳችን በኩል ወደ ከሚሴ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ሲያበቃና ሜዳው ሲዘረጋ ባለመኪናው ሁሉ እግሩን ያጠብቃል። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ደግሞ የቦርከና ውሃ የሚያርሰው የጨፋ ሣር አለ፤ በበጋ ወራት ከብቱና ግመሉ ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይሰበሰባል። በዚያ ሁሉም ነገር በዝግታ ነው። እንግዲህ የአገራችን ልጅ ፍጥነትንና ዝግታን በአንድ ሜዳ ላይ እያየ ያድጋል።

ጥያቄዬን የማስረዳበት ጨዋታ ግን በአገራችን የተለመደ አይደለም። ስሙ ስፒድዌይ ይባላል። በፖላንድ፥ በእንግሊዝ፥ በስዊድንና በዴንማርክ እጅግ የተወደደ የሞተር ብስክሌት ውድድር ነው። የእንቁላል ቅርጽ ባለው የአፈር ሜዳ ላይ አራት ተወዳዳሪዎች አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ ውድድር አንድ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። አንደኛ የወጣው ሦስት ነጥብ፥ ሁለተኛው ሁለት፥ ሦስተኛው አንድ ይሰጠዋል፤ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል። የሚጋልቡት ሞተር 500 ሲሲ ሲሆን በሜታኖል ይሠራል። ማርሹ አንድ ብቻ ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገርም የለውም። ታዲያ ኩርባው ላይ ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ ቢባል፥ ሞተሩን ወደ ግራ አጋድመው የኋላ ጎማው አፈሩን እየቧጨረ እንዲንሸራተት ይለቁታል፤ በብረት የተጫማ ግራ እግራቸውን መሬት ለመሬት እየጎተቱ በመንሸራተት ይታጠፋሉ። ከኋላቸው የሚፈናጠረው አፈር እንደ በረዶ ይወርዳል።

የዚህን ውድድር ፎቶግራፎች ደጋግሜ የማየት ልማድ አለኝ። ባየሁ ቍጥርም ልቤ ከጋላቢው ወደ አንሺው ያዘነብላል። ምክንያቴ ሦስት ነው።

አንደኛው፥ ዕውቀቱ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። የምናየውን አይተን፥ ልባችን ፈርዶ፥ ጣታችን እስኪታዘዝ ድረስ ነገሩ አልፏል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ያየውን አያነሣም፤ ሊመጣ ያለውን አውቆ ይጠብቃል። የትኛው ጋላቢ ወደ ውስጥ እንደሚገባ፥ የትኛው በውጭ በኩል እንደሚያልፍ፥ አፈሩ የት ላይ እንደላላ ማወቅ አለበት። ይህ ደግሞ ካሜራ በመግዛት የሚገኝ አይደለም፤ ጨዋታውን ለብዙ ዘመን በመውደድ የሚገኝ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላልና፥ ፈጣኑን ነገር ለመያዝ የሚችለው የማይቸኩል ሰው ነው።

ሁለተኛው፥ ለእውነት ያለው ጥንቃቄ ነው። ይህን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ብዙ ሰው ካሜራ አይዋሽም ብሎ ያምናል። ነገር ግን የካሜራው ዓይን የሰኮንድ አንድ ሺሕኛ ለሚሆን ጊዜ ብቻ ቢከፈት፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያ ሞተር የሚሄደው ሦስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ጎማው የቆመ፥ ጋላቢውም በገበያ ቀን ሞተሩን አቁሞ የተቀመጠ ሰው ሊመስል ይችላል። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ የሚናገረው ግን ሐሰት ነው፤ ፍጥነቱ ጠፍቷልና። የካሜራው ዓይን የሰኮንድ አንድ ስድሳኛ ያህል ክፍት ሆኖ ቢቆይ ደግሞ ሞተሩ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ስለሚሄድ፥ ሁሉ ነገር ተደባልቆ ጭጋግ ይሆናል። ብልሁ አንሺ በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? ከጋላቢው ጋር ወገቡን ያዞራል። በጋላቢው ፍጥነት ልክ ካሜራውን ስለሚያዞር፥ የጋላቢው ፊት ጥርት ብሎ ይቀራል፤ አጥሩና ተመልካቹ ግን መስመር መስመር ሆኖ ይሸሻል፤ ጎማውም እየተሽከረከረ መሆኑ ይታያል። ከዚህ የተማርሁት ነገር አለ። ስለ ሌላው ሰው እውነቱን ለመናገር የፈለገ፥ ባለበት ደርቆ መፍረድ አይበቃውም፤ ጥቂት አብሮት መዞር ይገባዋል።

ፎቶግራፍ ለእውነት ያደረገውን አገልግሎት ለማወቅ የፈረስን ነገር መመልከት ይበቃል። ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን የሚጋልብ ፈረስን የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፥ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ እንደሚንሳፈፍ አድርገው ይሥሉ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ብዙ ካሜራዎችን በተራ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ አነሣ። በእውነትም ፈረሱ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሡበት ጊዜ እንዳለ ታየ፤ ነገር ግን ያ የሚሆነው እግሮቹ ከሆዱ በታች ሲሰበሰቡ እንጂ ሲዘረጉ አልነበረም። ስንት ትውልድ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲጋልብ ኖሮ ይህን አላየም! ጋላቢው በፈረሱ ላይ ሳለ ያላየውን፥ ከዳር የቆመው አሳየው። እንግዲህ ከዳር መቆም ሁልጊዜ ስንፍና አይደለም።

ሦስተኛው፥ ስሙን መተዉ ነው። ይህንም በራሳችን ታሪክ ማስረዳት እችላለሁ። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። መሽቶ ስለ ነበር መንገዱ በችቦ ብርሃን ይታይ ነበር፤ ውድድሩም የተፈጸመው በቆስጠንጢኖስ የድል በር አጠገብ ነው። ያን ጊዜ ያልተወለድን ሁሉ ያን ሌሊት እናውቀዋለን። ባዶ እግሩን አይተናል፤ የፊቱን እርጋታ አይተናል። በማን ዓይን አየን? በጨለማው ውስጥ ካሜራቸውን ይዘው በቆሙ ሰዎች ዓይን አይደለምን? የሯጩን ስም ሕፃን ልጅ እንኳ ይጠራል፤ የእነርሱን ስም ግን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? በ1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ምክንያት እግሮቹ ከታዘዙት ውጭ በሆኑ ጊዜም ካሜራው ጨርሶ አልተወውም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት ሲወረውር የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉ። እኔ በበኩሌ ከሮሙ ድል ፎቶግራፍ እነዚህን አሳንሼ አላይም። ሰው ሲሮጥ ብቻ የሚያየው ጭብጨባ ወዳድ ነው፤ ሲቀመጥም የሚያየው ግን እውነተኛ ምስክር ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁት ሁሉ ምስጋና ነው። ነገር ግን ተከራካሪ ተነሥቶ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ «እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የጋላቢውን ድል ሳይሆን ውድቀቱን ነው። ሞተሩ ሲገለበጥ የተነሣው ፎቶግራፍ በጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ በሰላም የደረሰው ግን ይጣላል። ይህ በሰው ደም መነገድ አይደለምን?»

ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በእውነት እንዲህ ያለ አንሺ አለ። ይሁን እንጂ ስፒድዌይን ከሚያውቁ ሰዎች የሰማነውን አንድ ነገር አስብ። ጋላቢው ከፊቱ ያለው ጓደኛው ሲወድቅ ሊቆም አይችልም፤ ፍሬን የለውም። ስለዚህ የወደቀውን እንዳይረግጠው ሲል ሞተሩን አጋድሞ ራሱን አፈር ላይ ይጥላል። ይህን በፎቶግራፍ ብታየው ምን ይታይሃል? ሁለት ሰዎች ወድቀዋል። አንዱ ስቶ የወደቀ ነው፤ ሌላው ሰው ለማዳን የወደቀ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚነግርህ ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው ቃል ነው፤ ያን ቃል በእውነት ሊጽፍ የሚችለውም ጨዋታውን የሚያውቅና ተወዳዳሪውን የሚወድ ሰው ነው። ውድቀትን ብቻ የሚያድነው ሰው ሁለቱንም «ወደቁ» ብሎ ይሸጣቸዋል። «ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» የተባለው ለዚህ ነው፤ ካሜራ ዓይን ብቻ ነው፤ ልቡን የሚያመጣው አንሺው ነው።

አሁን ወደ ሜዳችን ልመልስህ፤ ይህን ሁሉ ያልሁትም ለዚህ ነው። ዛሬ ካሜራ የሌለው ወጣት ጥቂት ነው፤ በኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ አለ። አስፋልቱ ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ አንዱ ልጅ በሞተር ብስክሌት እጁን ለቆ ሲጋልብ፥ ወይም የፊት ጎማውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲሄድ፥ ጓደኛው በመንገድ ዳር ቆሞ በስልኩ ይቀርጸዋል። ጋላቢው አልፎ ይመለስና ስልኩን ያያል። ፍጥነቱ ያነሰ መስሎ ከታየው «እንደ ገና» ይላል፤ እንደ ገናም ይሄዳል። በዚያው መንገድ ላይ ግን ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት አሉ፤ ከሜዳው የሚመለስ ከብት አለ፤ ወደ ገበያ የምትሄድ እናት አለች።

ታዲያ የዚህ ልጅ ጓደኛ ከስፒድዌዩ ፎቶግራፍ አንሺ በምን ይለያል? ሁለቱም ከዳር ቆመዋል፤ ሁለቱም ፍጥነትን ይቀርጻሉ። ልዩነቱ በአንድ ጥያቄ ይታወቃል፤ «ካሜራው ባይኖር ኖሮ ይህ ነገር ይደረግ ነበርን?» በስፒድዌይ ሜዳ ካሜራው ባይኖርም ውድድሩ ይደረጋል። ዳኛ አለ፤ አጥር አለ፤ የራስ ቁር ግዴታ ነው፤ ሰው ሲወድቅ ቀይ ምልክት ይታይና ሁሉም ይቆማሉ። ወደ ሜዳው የገባውም ሁሉ ወዶና አውቆ ነው። ከመንገዳችን ላይ ግን ካሜራውን ብታነሣው ግልቢያው ይቀራል። ያች እናትም ወደ ውድድሩ ልግባ ብላ አልፈረመችም።

ምናልባት «ተወዳዳሪውስ ዝና ፈልጎ አይደለምን? ዝናውንስ የሚሰጠው ካሜራው አይደለምን?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዝና የማይወድ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በውድድሩ ሜዳ ነጥብ የሚሰጠው ካሜራው አይደለም። አንድ ጋላቢ ለፎቶግራፍ እንዲያምርለት ብሎ ከልኩ በላይ ቢንሸራተት፥ ሌሎቹ አልፈውት ይሄዳሉ፤ ውብ ፎቶግራፍ ይዞ ያለ ነጥብ ይመለሳል። ካሜራው ዳኛው የፈረደውን ይመሰክራል እንጂ ራሱ አይፈርድም። ዳኛ በሌለበት መንገድ ላይ ግን ካሜራው ራሱ ዳኛ ይሆናል። ዳኝነቱም አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ እርሱም «ጨምር» ማለት ነው። ምስክር ዳኛ ሲሆን ፍርድ ይበላሻል፤ ይህን አባቶቻችን በሸንጎ ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፥ ካሜራህን ጣል አልልህም። ምስክርነት ክቡር ሥራ ነው፤ አገራችንም ብዙ ምስክር ያስፈልጋታል። የጨፋ ሣር በበጋ እንዴት እንደሚሞላ፥ እረኛው ከብቱን ውሃ ሲያሻግር፥ በንጋት በመንገድ ዳር ልምምድ የምትሮጥ ልጃገረድ እግሯን እንዴት እንደምታነሣ፥ ይህ ሁሉ ማንም አየው ማንም አላየው የሚደረግ ነውና ሂድና ጠብቀው። ጓደኛህ በአስፋልቱ ላይ እጁን ለቆ «ቅረጸኝ» ሲልህ ግን ስልክህን ወደ ኪስህ መልሰው። ፈሪ ይልህ ይሆናል፤ ይበል። በዚያች ሰዓት በእጅህ የያዝኸው ስልክ ብቻ ሳይሆን የጓደኛህ ፍሬን ጭምር መሆኑን አትርሳ።