«ማን?» እና «ለምን?»

አንድ ሰው ሥራ ላይ እያለ ሲወድቅ ወይም እጁ ማሽን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የምንሰማት ጥያቄ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የምትል ናት። መልሷም አይዘገይም። «ራሱ ነው፤ ድሮም አይጠነቀቅም» ይባላል። ካልሆነም «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምን ይደረግ» ይባላል። አንዱ በተጎጂው ያሳብባል፣ ሌላው በፈጣሪ። ሁለቱ መልሶች የተራራቁ ቢመስሉም የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው፤ ጥያቄውን ይዘጋሉ። ሰውየው ይነሳል፣ ደሙ ይታጠባል፤ የጣለው ነገር ግን እዚያው ቆሞ ሌላ ሰው ይጠብቃል።

ከፒያሳ ወደ መርካቶ ስትሄዱ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆም ብላችሁ ሰዉን እዩት። ሸክም ያጎበጠው አለ፤ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ዕቃ የሚያወርድ አለ፤ በባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ተንጠልጥሎ ግድግዳ የሚለስን አለ። ይህ ለሳኝ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ እንበል። ለምን ወደቀ? የረገጠው እንጨት ተሰበረ። ለምን ተሰበረ? አሮጌ ነበር፤ ከሌላ ሕንጻ ተነቅሎ የመጣ። ለምን አሮጌ እንጨት ተሠራበት? አዲስ የሚገዛበት ገንዘብ አልተፈቀደም። ለምን አልተፈቀደም? «ቶሎና በርካሽ ይለቅ» ተብሏል። እሺ፣ እንጨቱ መበስበሱን ያየ ሰው ለምን ዝም አለ? የተናገረ የቀን ሠራተኛ በማግስቱ አይጠራማ!

በቶዮታ ፋብሪካዎች የታወቀው አምስት ጊዜ «ለምን» የማለት ዘዴ ይኸው ነው። ከለሳኙ እግር ሥር የተነሳው ጥያቄ ሳይታሰብ ከአለቃው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሠራተኛን አደጋ እንዲመረምር ማሠልጠን ብዙ አሠሪ የማይጥመውም ለዚህ ይመስለኛል። ገንዘቡ በዝቶበት እንዳይመስላችሁ። ትምህርቱ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ነው፦ ቦታው ሳይነካካ ማየትና በስልክ ማንሳት፣ ያዩትን ሰዎች ለየብቻ ማነጋገር፣ «ለምን ቀበቶ አላደረግክም?» ብሎ ከማፋጠጥ «ምን አየህ? ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ፣ ማንም ሳይጎዳ ለጥቂት ያለፈውንም አደጋ መዝግቦ መያዝ። እንጨቱ አሮጌ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ የቸነከረው አናጢ እንጂ ከቢሮ የሚመጣው ኃላፊ አይደለም።

አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። ድሮ ወንጀለኛ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። እዚያው የሚኖረው ሰው ነገሩን ያውቀዋል ከሚል እምነት የመነጨ ነው፤ እምነቱም ትክክል ነበር። ድልድዩ በስማቸው የተጠራው ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ አባ መላ፣ እስካረፉበት እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ በጦር ሚኒስትርነታቸው ብቻ ሳይሆን ነገር ፈልቅቀው በማየትና በፍርድ ዐዋቂነታቸውም ስማቸው የገነነ ነበር። ነገር መመርመር እናውቃለን። ችግሩ አውጫጭኝ የሚፈልገው «ማን?» የሚለውን መሆኑ ነው። ሥራ ላይ አደጋ ሲደርስ «ማን?» ብለህ ከጀመርክ «ለምን?» የሚለው ጋ አትደርስም፤ ሁሉም አፉን ይዘጋልና።

መዝጋቱስ ይፈረድበታል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ነገር ግን አንቀጽ 96 አንድ በር ይተዋል፤ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ የተጎዳ እንደሆነ ሆን ብሎ እንዳደረገው ይቆጠራል፣ አሠሪውም ኃላፊነቱ ይነሳለታል። እንግዲህ የሟች ጓደኛ ይጠየቃል። «ቀበቶ አድርጎ ነበር?» አላደረገም። እውነቱን ቢናገር የልጆቹ ካሳ ሊቀር ነው። «አድርጎ ነበር» ይላል። ውሸት ነው? ነው። ምሕረት አይደለም ወይ? እሱም ነው። ግን ዋጋ አለው፤ ቀበቶው የማይታሰርበት ምክንያት፣ ምናልባትም ማሰሪያ ቦታ ጭራሽ ያለመኖሩ፣ አብሮ ይቀበራል። የዛሬውን ወላጅ አልባ ያዳነ ውሸት የነገውን ይፈጥራል።

መውጫው የአቪዬሽን ሰዎች ያገኙት ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ፣ አባሪ 13 በሚባለው፣ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ መከላከል እንጂ ጥፋት ማከፋፈል አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አጠገብ ሲወድቅ 157 ሰው አለቀ፤ ስምንቱ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ በውጭ አገር ጣት ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ። «ማን?» በሚለው ቢቆም ኖሮ መዝገቡ እዚያው ይዘጋ ነበር። «ለምን?» ሲባል ግን ከአንድ ሴንሰር በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ ሶፍትዌር ተገኘ፤ ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይም 189 ሰው የጨረሰው ያው ሶፍትዌር ነበር።

ለአውሮፕላን የሠራው ለመወጣጫው የማይሠራበት ምክንያት የለም። ካሳውን የሚወስነው አካል ሌላ፣ ምክንያቱን የሚፈልገው ሌላ ይሁን፤ ለሁለተኛው የተነገረ ቃል ለመጀመሪያው ማስረጃ አይሁን። ይህ «ሁሉም ይቅር» ማለት አይደለም። የበሰበሰ እንጨት እያየ «ውጣ» ያለ አለቃ ይጠየቅ፤ መጠየቂያው ሸንጎ ግን ለብቻው ነው። ያለዚህ ከለላ ሠራተኛን «መርምር» ብሎ ማሠልጠን በጓደኛው እንጀራ ላይ እንዲመሰክር ማዘዝ ነው፤ ሰልጥኖም ዝም ይላል።

ስለዚህ አንድ ድርጅት «የደህንነት ኮሚቴ አለን፣ ሠራተኞቻችንንም አሠልጥነናል» ሲላችሁ የምስክር ወረቀቱን አትጠይቁ። ባለፈው ጊዜ «ይህ እንጨት በስብሷል» ብሎ የተናገረው ሠራተኛ ዛሬ የት እንዳለ ጠይቁ።