የባለቤቱ አፍ

ቋንቋ ከባለቤቱ አፍ ካልተማሩት አይያዝም ይሉናል። ይህን ያሉን የእንግሊዝኛ መምህሮቻችን ናቸው፤ አብዛኞቹ ራሳቸው ከሐበሻ አፍ የተማሩ፣ የእንግሊዝን አገር በካርታ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች። አባባሉ እውነት ከሆነ እነሱ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ምን ይሠሩ ነበር? ሐሰት ከሆነስ ያን ሁሉ ዓመት አንገታችንን ያስደፉን በምን ዕዳችን ነው? ዛሬም አንድ ጎልማሳ እንግሊዝኛ ልማር ብሎ ሲነሣ አስቀድሞ የሚመኘው ፈረንጅ መምህር ነው። እኔም ለብዙ ጊዜ ሳልመረምር ተቀብዬው የኖርኩት ነገር ነው። ጥርጣሬ የገባኝ የቋንቋ ትምህርት በዚህ አገር መቼና እንዴት እንደ ተጀመረ ማሰብ ስጀምር ነው፤ ያ ሐሳብ ደግሞ ሩቅ አይወስድም፣ ሐይቅ ዳር ያደርሳል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ ተወላጅ አልነበሩም። ከዳህና ተነሥተው፣ በደብረ ዳሞ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የደረሱ እንግዳ ናቸው። ከእሳቸው እግር ሥር የተቀመጡትም እንግዶች ነበሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ድረስ መጥተው ዓመታት የቆዩት እዚያው ነው። እነዚህ እንግዶች የተገናኙት በግእዝ ነው። ግእዝ ግን ያን ጊዜ ከማንም እናት ጡት ጋር የሚጠባ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ለመምህሩም ለደቀ መዝሙሩም እኩል ባዕድ ነው። ባለቤት የሌለው ቋንቋ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደረሰ፤ በኢየሱስ ሞዓ ዘመን የተጻፈው ወንጌል ዛሬም በገዳሙ አለ። እንግዲህ የባለቤቱ አፍ የግድ ከሆነ ይህ ሁሉ ሊሆን ባልተገባው ነበር።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቃለሁ፦ ግእዝ የጸሎት ቋንቋ ነው፣ ሸምድዶ ማነብነብ እንጂ መናገር አያሻውም ይባላል። ይህን የሚል ሰው ቅኔ ቤት አጠገብ አላለፈም። የቅኔ ተማሪ ግስ ይሰማል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከዚያ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይነግራል። የሰው ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ ያፍራል። ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲናገር የሚገደድ ተማሪ ሸምዳጅ ሊባል አይችልም። የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ በ12 ዓመት አንድ የራሱን ዐረፍተ ነገር እንዲያወጣ ያልተገደደውን ተማሪ ምን ልንለው ነው? ሰዋስዋችን ባለቤት የሚለው ድርጊቱን የሚያደርገውን ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። በእስልምናውም በኩል ነገሩ ያው ነው። የወሎ ደረሳ አገር አቋርጦ ሼኹ ዘንድ ይሄዳል፤ ሼኹ ዐረብ አይደሉም፣ ዐረብኛውን አንብበው በአማርኛ ይፈቱለታል። ከዚያ ትምህርት የወጡ ሰዎች የዐረብኛን ፊደል ወስደው አማርኛ መንዙማ ጻፉበት። በሰው ቋንቋ ፊደል የራስን ዜማ እስከ መጻፍ የደረሰ ሰው ተውሶ ነው የሚናገረው ማለት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ተቃራኒው ልሂድ። ከባለቤቱ አፍ ብቻ የተማረ ሰው ማን ነው? ከአምባሰል፣ ከተሁለደሬ፣ ከመላው ደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገር የሄዱት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከአውሮፕላኑ ከወረዱት ብዙዎቹ ዐረብኛ ይናገሩ ነበር። የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው፣ በባዕድ አገር፣ ሌት ተቀን፣ ያለ አማርኛ፣ ከቋንቋው ባለቤት ከአሠሪ ማዳማቸው አፍ። የቋንቋ ትምህርት ቤቶች በማስታወቂያ የሚመኙት ሁሉ ተሟልቶላቸዋል። ምን ተማሩ? «ያላ»፣ «ጂቢ»፣ «ሩሂ»፤ ቶሎ በይ፣ አምጪ፣ ሂጂ። አንዳንዷ ከዚህ እጅግ አልፋ እንደ ወንዝ የሚፈስ ዐረብኛ እንደ ተናገረች አልክድም። የፈረመችውን የሥራ ውል ግን ማንበብ አትችልም፤ ታትሞ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ባለቤቱ ከቋንቋው የሚሰጠው ለራሱ የሚያስፈልገውን ያህል ነው፤ ክፋት መሆን አያሻውም፣ ቸኩሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ ለአምባሰል አዲስ ወሬ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል ውጫሌ የተባለው በዚሁ በአምባሰል ቦታ ስም ነው። የአንቀጽ 17 አማርኛ ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች ነገሥታት ጋር መላላክ ይችላሉ ይላል፤ ኢጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ይህን ያረጋገጡት ከአውሮፓ ነገሥታት በመጣ መልስ ነው። የኢጣሊያንኛው ባለቤት አጠገባቸው ነበር፤ የጠፋው ከወዲህ ተነሥቶ ወዲያ ተሻግሮ የተመለሰ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያነብ የራሳቸው ሰው ነው። ክፍያው በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ሆነ።

እስከዚህ ድረስ ሐሳቤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፦ አስተማሪ የሚሆነው በቋንቋው ውስጥ የተወለደው ሳይሆን ባዕድ ሆኖ ገብቶ የተሻገረው ነው፤ ገደሉ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነውና። እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መምህሮቻችንም ተሻግረው ነበር። ታዲያ ለምን እንዲያ ክፉኛ አስተማሩን? መሻገር መምህር የሚያደርግ ቢሆን የኢትዮጵያ እንግሊዝኛ ክፍል የዓለም ምርጥ በሆነ። የመጀመሪያ መልሴ መሻገራቸውን ደበቁ የሚል ነው። እንዴት እንደ ተሳሳቱ፣ የትኛው ቃል እንደ አቃታቸው፣ በየት በኩል እንደ ወጡ አንድ ቀን አልነገሩንም። በአማርኛ ማስረዳት ነውር ነበር፤ የቅኔው መምህርና ሼኹ ያለ እፍረት በአማርኛ የሚፈቱትን፣ እነሱ ባለቤት ለመምሰል ሲሉ ሳይፈቱ ተዉት። ይህ መልስ ንዴቴን ያበርዳል፣ ጥያቄውን ግን አይዘጋውም። ለምን ደበቁ? የቅኔው መምህር «ይህ ሰምና ወርቁ አልገጠመም» ሲል ከእሱ በላይ ይግባኝ የሚባልበት እንግሊዝ የለም። የእንግሊዝኛው መምህር ግን ሁልጊዜ የማያየው ዳኛ በላዩ አለ። ያን ዳኛ መንግሥት ራሱ ክፍል ድረስ አስገባው፤ በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት እያስተላለፈ አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ሲወስድ፣ መምህሩ በተረፉት ጥቂት ደቂቃዎች እንዲያብራራ ተነገረው። ተማሪው አልገባኝም ቢል ፕላዝማው አይሰማ፣ ቁም ቢሉት አይቆም። በገዛ ክፍሉ አስተርጓሚ የሆነ ሰው ስለ መሻገሩ ሊመካ አይችልም። ስለዚህ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም እላለሁ፤ ይህን ስል ይቅር ማለቴ ግን አይደለም።

ደግሞም አንድ ነገር ከምለው በተቃራኒ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚሆኑ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች አገራችን ገብተው ደሴን ጨምሮ በየከተማው አስተምረዋል። የተወለዱበትን ቋንቋ ነው ያስተማሩት፤ ብዙ ሰው ግን በደግ ያነሣቸዋል። ባለቤት ስለሆኑ ነው ወይ? እኔ እንደሚመስለኝ በሌላው በኩል ባዕድ ስለነበሩ ነው፦ አማርኛ ሲኮላተፉ ተማሪው እየሰማቸው፣ ገበያ ላይ እየተሳሳቱ፣ እንጀራ እየለመዱ ኖሩ። መሳሳት ለመምህርም እንደሚሆን ተማሪው በዓይኑ አየ። ይህን ማስረጃ አጥብቄ ልይዘው አልችልም። የእነሱ ባዕድነት የመመለሻ ትኬት ነበረው። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን በየደጁ ውሻ ይጠብቀው ነበር፤ የዐረብ አገሯ ሴት ፓስፖርቷን ማዳሟ ቆልፋባት ሊሆን ይችላል። ባዕድነትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም፤ የትኛው ባዕድነት እንደሚያስተምር፣ የትኛው እንደሚሰብር መለያውን ገና አላገኘሁም። ስለዚህ ፈረንጅ መምህር አይምጣ አልልም። ይምጣ፤ ሲመጣ ግን አማርኛ ይማር፣ ተማሪዎቹም ስሕተቱን ያርሙት። የእኛው መምህርም ማስመሰሉን ትቶ የተሻገረበትን ይንገረን። በሰላም ጓዶች እጅ የተማረ የደሴ አንጋፋ ይህን አንብቦ ይቆጣ ይሆናል፤ ይጻፍብኝ፣ አነበዋለሁ። ከመጻፉ በፊት ግን ከዐረብ አገር የተመለሰች የአምባሰል ሴት ፈልጎ ዐረብኛ እንዴት እንደ ለመደች ይጠይቃት።