ለሰገነት መከታ ማበጀት፦ ስለ ቁማር ማሽንና ስለ መንግሥት ሕግ



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ትእዛዝ ይገኛል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ከሰገነቱ ላይ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ይታዘዛል። ትእዛዙ የተሰጠው ለሚወድቀው ሰው ሳይሆን ለቤቱ ባለቤት መሆኑን ልብ እንበል። ወደ ሰገነት የሚወጣ ሰው መጠንቀቅ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ሆኖም የእርሱ አለመጠንቀቅ ባለቤቱን ከኃላፊነት አያድነውም። እንዲሁም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው በውስጡ ለወደቀው እንስሳ ዋጋውን እንዲከፍል፣ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ደግሞ ማንም በዕውር ፊት እንቅፋት እንዳያኖር ተደንግጓል።

እነዚህን ሕግጋት ያስታወስነው ዛሬ በብዙ አገሮች ስለሚያከራክረው ስለ ቁማር ማሽን ለመነጋገር ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ በገዛ ገንዘቡ ተጫውቶ ቢከስር፣ መንግሥት በምን መብት ጣልቃ ይገባል? ነገሩ የሕግ አውጪዎች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ስለ ሰው ነጻነት፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ባልንጀራችን ያለብንን ኃላፊነት የሚመለከት በመሆኑ እኛንም ይመለከተናል።

በቅድሚያ የማሽኑን ጠባይ እንመርምር። በብሪታንያ የውርርድ ቤቶች ውስጥ በአብዛኛው ሩሌት የሚባለውን ጨዋታ የሚያጫውቱ ማሽኖች ይገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ ሕጉ አንድ ሰው በአንድ ዙር እስከ 100 ፓውንድ መደብ እንዲያስይዝ ይፈቅድለት ነበር፤ አዲስ ዙር ለመጀመርም 20 ሰከንድ ይበቃ ነበር። በዚህ ጨዋታ ከ0 እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች ሲኖሩ፣ ክፍያው ግን 36 ቁጥሮች ብቻ ያሉ ይመስል የተሰላ ነው። ስለዚህ ከሚያዘው ገንዘብ ሁሉ ሠላሳ ሰባተኛው እጅ በአማካይ ለቤቱ ይቀራል። ይህ ከመቶ ሦስት እንኳ የማይሞላ ስለሆነ «ይህችማ ምን አላት?» ያሰኛል። ይሁን እንጂ በየ20 ሰከንዱ አንድ ዙር ማለት በሰዓት 180 ዙር ማለት ነው። መቶው ፓውንድ በ180 ሲባዛ 18,000 ይሆናል፤ የዚህም ሠላሳ ሰባተኛ እጅ ከ486 ፓውንድ ይበልጣል። ሁሉም ሰው በዚህ መጠን ይጫወት ነበር ማለታችን አይደለም፤ ሕጉ ግን በሩን እስከዚህ ድረስ ከፍቶት ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው አባባላችን በዚህ ስፍራ ለተጫዋቹ ሳይሆን ለማሽኑ ባለቤት ይሠራል።

ከብዙ ክርክር በኋላ የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 መደቡ ከ100 ወደ 2 ፓውንድ ዝቅ እንዲል ወሰነ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሴንት ኦልባንስ ጳጳስ የነበሩት አለን ስሚዝ በጌቶች ምክር ቤት ስለዚህ ጉዳይ አጥብቀው ሲናገሩ ከነበሩት አንዱ ነበሩ። የሕጉ መጀመሪያ ጊዜ ወደ 2019 መጸው እንዲዘገይ በተባለ ጊዜ ደግሞ ጉዳዩ በኃላፊነታቸው ሥር የነበረው ሚኒስትር ትሬሲ ክራውች፣ በመዘግየቱ የሰው ሕይወት ይጎዳል በማለት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መንግሥትም ቀኑን መልሶ አሳጠረው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2019 በሥራ ላይ ዋለ። ጨዋታውና ፍጥነቱ እንዳሉ ሆነው መደቡ ብቻ 2 ፓውንድ ሲሆን፣ ከላይ ያየነው የአንድ ሰዓት አማካይ ኪሳራ ከ10 ፓውንድ በታች ይወርዳል። ጨዋታው አልተከለከለም፤ ለሰገነቱ መከታ ተበጀለት እንጂ።

«ማንም አላስገደደውም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ይህ ተቃውሞ በከፊል እውነት ስላለበት በቀላሉ ልንንቀው አይገባም። እግዚአብሔር ሰውን ነጻ አድርጎ ፈጥሮታል፤ ምስጢረ ንስሐም ይህን ነጻነት መሠረት ያደረገ ነው። ራሱን መምራት የማይችል ፍጡር ቢሆን ኖሮ በደሉን የሚናዘዝበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1735 እንደሚያስተምረን፣ ልማድ፣ ፍርሃት፣ ከልክ ያለፈ ምኞትና ሌሎችም ሁኔታዎች የሰውን ተጠያቂነት ሊቀንሱት፣ አንዳንዴም ጨርሰው ሊያስቀሩት ይችላሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው የሕመሞች መመሪያ የቁማር ሱስን ከመጠጥና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ መድቦታል። እንግዲህ ከማሽኑ ፊት ለሦስተኛ ሰዓት የተቀመጠው ሰው፣ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ከነበረው ነጻነት ምን ያህሉ ቀርቶታል?

በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለውም ልዩነት መታየት አለበት። የማሽኑ ባለቤት ስሌቱን አስቀድሞ ያውቃል፤ «ለጥቂት አመለጠህ» የሚያሰኘው ምስል ተጫዋቹን እንደገና እንደሚያስጀምረውም ያውቃል። ተጫዋቹ ግን የተሸነፈበትን ገንዘብ «አሁን እመልሰዋለሁ» የሚል ተስፋ ብቻ ይዞ ይቀመጣል። በዕውር ፊት እንቅፋት ማኖር ማለት ይህ አይደለምን? የተጫዋቹ በደል የእርሱ ነው፤ የጉድጓዱ ቆፋሪ በደል ደግሞ የቆፋሪው ነው። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ጉዳቱም በተጫዋቹ ላይ ብቻ አይቆምም። በሐዋርያዊ አገልግሎታችን ወደ ቆሞስ ቤት እያለቀሱ የሚመጡትን ሚስቶችና እናቶች እናስባለን። ደመወዙ በተከፈለበት ምሽት ባዶ እጁን የገባ ባል መጀመሪያ «ተሰረቅሁ» ይላል፤ በሚቀጥለው ወር «ሳይከፈለን ቀረ» ይላል። የጠፋው ገንዘብ ይዋል ይደር እንጂ ይተካል፤ በትዳር ውስጥ የጠፋው መተማመን ግን እንዲሁ በቀላሉ አይመለስም። የትምህርት ቤት ክፍያው ያልተከፈለለት ልጅ በውርርዱ አልተስማማም፤ መደቡ ግን የእርሱም ድርሻ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን የዕድል ጨዋታን ሁሉ ኃጢአት ነው ብላ አታስተምርም። ሐዋርያትም በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። በትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2413 እንደተመለከተው፣ ጨዋታውና ውርርዱ በራሳቸው ፍትሕን የሚጻረሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ሰውን ለራሱና ለቤተሰቡ ከሚያስፈልገው ነገር ሲያራቁቱት ተቀባይነት ያጣሉ፤ የቁማር ፍቅርም ሰውን ባሪያ ሊያደርገው ይችላል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም በታላቁ የነገረ መለኮት መጽሐፉ፣ የሰው ሕግ ክፉ ነገርን ሁሉ ሊከለክል እንደማይገባው፣ ይልቁንም ብዙዎች ሊርቁት የሚችሉትንና በተለይ ሌሎችን የሚጎዳውን ከባድ ክፋት እንዲከለክል ያስተምራል። ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መንግሥት የእያንዳንዱን ሰው ጨዋታ የሚቆጣጠር ሞግዚት አይደለም። ሁለተኛ፣ ቤተሰብን ለሚያፈርስ ንግድ ልክ ማበጀት ከመብቱም አልፎ ግዴታው ነው።

አንዳንድ አገር ከዚህም ራቅ ብሎ ሄዷል። በኖርዌይ የቁማር ማሽኖች በየሱቁና በየባቡር ጣቢያው ቆመው ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ማሽኖቹ የወረቀት ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከለከለ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2007 ደግሞ ሁሉም እንዲነሡ አደረገ። ቆይቶ በመንግሥቱ ድርጅት በኩል የገቡት አዲስ ማሽኖች የግል ካርድ የሚጠይቁና የኪሳራ ገደብ ያላቸው ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ እኛን በይበልጥ የሚነካን ነገር አለ፤ ከእነዚያ ማሽኖች ገቢ የሚጠቀሙት ነጋዴዎች ብቻ ሳይሆኑ የበጎ አድራጎት ማኅበራትም ነበሩ። ማሽኖቹ ሲነሡ ለመልካም ሥራ የሚውል ገንዘብም አብሮ ቀረ። ታዲያ አንዱን ድኻ ለማብላት የሌላውን ድኻ ሞሰብ ባዶ ማድረግ ምጽዋት ሊባል ይችላልን? ጌታን ለሞት አሳልፈው የሰጡት የካህናት አለቆች እንኳ ይሁዳ የመለሰውን ብር ወደ ቤተ መቅደሱ ግምጃ ቤት ለማስገባት አልደፈሩም።

ይህ ጥያቄ መንግሥትንም ይመለከተዋል። ከቁማር ግብር የሚሰበስብ መንግሥት ጠባቂም ተጠቃሚም ይሆናልና፣ ሁለቱ ጥቅሞች ሲጋጩ የትኛውን እንደሚያስቀድም ሕዝቡ ሊከታተለው ይገባል።

«አንዱን በር ብትዘጉ በሌላው ይገባል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ዛሬ ማሽኑ በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ በስልክ መልክ ይዞራል። ብሪታንያም ይህን አይታ እ.ኤ.አ. በ2025 በስልክና በኮምፒዩተር ለሚደረገው ተመሳሳይ የማሽን ጨዋታ ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት 5 ፓውንድ፣ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉት 2 ፓውንድ የመደብ ገደብ አውጥታለች። መከታው በአንድ ወገን ብቻ ስለተሠራ ሌላውን ወገን እንሠራለን እንጂ የተሠራውን አናፈርስም።

በአገራችን ከተሞች የተስፋፋው በእግር ኳስ ላይ የሚደረገው ውርርድ ነው። ወጣቶቻችን ቁራጭ ወረቀት ይዘው የሩቅ አገር ቡድኖችን ውጤት ሲጠብቁ እናያለን። መልኩ ይለያይ እንጂ መጠየቅ የሚገባን ያው ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ይያዛል? በምን ያህል ፍጥነት ይደገማል? ሲከስር ማን ይራባል?

ሕግ ግን መከታ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ከሰገነቱ አስቀድሞ የወደቀውን ማንሣት የእኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በወጣቶች ጉባኤ ላይ ከላይ ያቀረብነውን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያሠሩ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በሱስ የተያዘውን ወንድማችንን በአደባባይ አናሳፍረው፤ ዕዳውንም በጭፍን አንክፈልለት፤ ይልቁንም ወደ ንስሐ አባቱ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ቤተሰቡ እናድርሰው። የደመወዙን አያያዝ ለጊዜው ለባለቤቱ አደራ ቢሰጥ መዋረድ ሳይሆን ጥበብ ነው። ቁምስናዎቻችንም ለሕንጻ ማሠሪያ ቶምቦላ ሲያዘጋጁ ዋጋው ዝቅተኛ ይሁን፤ ለሕፃናት አይሸጥ፤ ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን መስጠትን ከዕድል ጋር አያይዘው እንዳይለምዱም እንጠንቀቅ።

በመስቀሉ ሥር ወታደሮች በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ ሲጣጣሉ፣ የሚሞትላቸውን ቀና ብለው አላዩትም ነበር። ቁማር የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ዓይንን በሚገኘው ነገር ላይ ተክሎ አጠገብ የሚሠቃየውን ሰው ያስረሳል። እኛ ግን ቀና ብለን እንይ፤ የምንሠራውም ቤት የማንም ደም ያልፈሰሰበት ይሁን። የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን፤ አሜን።