ታዳጊዎችና የከተማ ምክር ቤት

ታዳጊዎችን ስለ ከተማ ምርጫ ማስተማር አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሳል፤ ስለ ጋራ ጉዳይ በሚገባ መፍረድ በንባብ የሚገኝ ዕውቀት ነው ወይስ በተግባር የሚዳብር ችሎታ? አርስቶትል የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ወጣት ለፖለቲካ ትምህርት የሚመች ተማሪ እንዳልሆነ ይናገራል። የኑሮ ልምድ ይጎድለዋል፣ ስሜቱንም ይከተላል። እዚያው ላይ ግን ጉድለቱ በዕድሜ ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ፣ በስሜቱ የሚነዳ ሽማግሌም ከወጣቱ እንደማይሻል ያክላል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት እንደሆነ ያስተምራል፤ ግንበኛ እየገነባ ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ። ሁለቱ ሐሳቦች ተያይዘው ሲነበቡ ታዳጊውን ከጋራ ጉዳይ የሚያርቅ ክርክር ይዳከማል። ልምድ የለህም ተብሎ ከልምምድ የተከለከለ ሰው ልምዱን ከየትም አያገኘውም።

ልምምዱ የት ይጀመር ለሚለው እ.ኤ.አ. በ1831 አሜሪካን የጎበኘው ፈረንሳዊው አሌክሲ ደ ቶክቪል ግልጽ መልስ ነበረው። በኒው ኢንግላንድ ትናንሽ ከተሞች ነዋሪዎች ተሰብስበው ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት የሚወስኑበትን ሥርዓት አጥንቶ፣ ሕዝብ ነጻነትን መያዝ የሚማረው በዚያ እንደሆነ ጻፈ። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚልም እ.ኤ.አ. በ1861 ይህንኑ ሐሳብ አጠናክሯል። ፓርላማ የሚገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ በአካባቢ ምክር ቤት ግን ተራ ሰውም ተመርጦ ኃላፊነት ይለማመዳል።

የዚህ ሐሳብ ጥሩ ምሳሌ በሜሪላንድ ግዛት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ድንበር ላይ ያለችው ታኮማ ፓርክ ናት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የመምረጫ ዕድሜን ለከተማ ምርጫ ወደ 16 ዓመት ዝቅ በማድረግ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። በአገር አቀፍ ምርጫ ዕድሜው እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ 18 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታኮማ ፓርክ በተካሄደው የከተማ ምርጫ ከተመዘገቡት ታዳጊዎች ድምፅ የሰጡት፣ በመቶኛ ሲታይ፣ ከጠቅላላው የተመዘገበ መራጭ በእጅጉ በለጡ።

ለነዋሪው የቅርቡ መንግሥት፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ለጀማሪ የሚመቸው ውጤቱ በዓይን ስለሚታይ ነው። አንድ ታዳጊ የአገሩ የውጭ ፖሊሲ ትክክል መሆኑን ሊመረምር አይችልም፤ የሰፈሩ የእግረኛ መንገድ መጠገኑን ግን ያያል። የተሳሳተ ፍርድ የሚያስከትለው ጉዳትም ውስን ነው። ማን ምን እንደሚወስን ለይቶ ማወቅ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ታኮማ ፓርክ የራሷ ፖሊስና ቤተ መጻሕፍት አሏት፤ ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ግን የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ስለ ትምህርት ቤት ቅሬታ ያለው ተማሪ ለከንቲባዋ ቢያመለክት የሚያገኘው መፍትሔ ጥቂት ነው፤ በካውንቲው የትምህርት ቦርድ ውስጥ ግን ተማሪዎች ራሳቸው የሚመርጡት የተማሪ አባል አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት የታኮማ ፓርክ ጎረቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ ከንቲባም ሆነ የከተማ ምክር ቤት የለውም። አንድ መንገድ ተሻግሮ የሚኖር እኩያ የከተማ ድምፅ የሌለው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ስለ ሥልጣን ድልድል ከሚሰጥ ከማንኛውም ገለጻ የተሻለ መግቢያ ነው።

ታኮማ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም በከተማ ምርጫ ድምፅ እንዲሰጡ ትፈቅዳለች። ስለዚህ ዜግነት ያላገኘች እናትና የ16 ዓመት ልጇ ፕሬዚዳንት መምረጥ ባይችሉም፣ የከተማቸውን ከንቲባ አብረው ይመርጣሉ። ነገር ግን በብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» የሚለው ምክር ገና አልጠፋም፤ ለዚህም ከባድ ምክንያት አለው። በደርግ ዘመን ቀበሌ ስኳር የሚያከፋፍል፣ በቀይ ሽብር ጊዜም ወጣቶችን የሚያሳድድ ተቋም ነበር። ለዚያ ትውልድ የቅርቡ መንግሥት ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ነው፤ ይህን ፍርሃት አላዋቂነት ብሎ ማለፍ ግፍ ይሆናል። ሆኖም እነዚሁ ወላጆች በዕድር ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ሒሳብ ይመረምራሉ፣ መተዳደሪያ ደንብ ያሻሽላሉ። ፖለቲካ ብለው ባይጠሩትም ቶክቪል የአድናቆት ቃሉን ከጻፈለት ሥራ አይለይም፤ የጋራ ጉዳይ የሚያስፈራ ብቻ እንዳልሆነ ለልጅ የሚቀርበው ማስረጃም ይኸው የዕድር ልምድ ነው። ሐሳቡ በሕግ ደረጃም ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

በታኮማ ፓርክ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው 16 ዓመት ሲሞላው ለከተማ ምርጫ ያስመዝግቡት፤ ራሳቸውም አብረውት ይመዝገቡ።